«ኮር አይ ሰቨን ነው» ብሎ መሸጥ ይብቃ

ከናይሮቢ ሉቱሊ ጎዳና እስከ መርካቶ፣ ከዱባይ ዴራ እስከ ካምፓላ ስንት ላፕቶፕ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደተሸጠ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። «ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል፣ ምንም አይልህም።» ገዢው ሰማያዊዋን ተለጣፊ ያያል፣ ክዳኑን ከፍቶ ይዘጋል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ይከፍላል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የድምፅ መልእክት ይመጣል፦ «ይሄ ነገር ስታክ ያደርጋል፤ ማታ ኤክስፖርት ላይ ትቼው ባድር ጠዋትም አልጨረሰም።» የሻጩ መልስ ዝግጁ ነው፦ «ፎርማት አስደርገው።»

እኛ በዚህ መስመር ላፕቶፕ፣ ሃርድ ዲስክና ሚሞሪ ካርድ የምናመላልስ ነጋዴዎች የምንለው አጭር ነው። ለቪዲዮ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ ላፕቶፕ በገዢው በራሱ ቀረጻ፣ በገዢው ፊት ተሞክሮ ይሸጥ። ካልተሞከረ «ኤዲት ያደርጋል» የሚለው ቃል ከማንም አፍ አይውጣ። ለደብዳቤ፣ ለሂሳብ መዝገብ፣ ፊልም ለማየት ይሆናል ብሎ መሸጥ ነውር የለውም። ነውሩ ያልታየውን እንደታየ አድርጎ መናገር ነው።

የሚገዛን ማን እንደሆነ እናውቃለን። የሰርግ ካሜራማን ነው፤ መዝሙር የሚያቀናብር ልጅ ነው፤ ጫማና ሽቶውን በቲክቶክና በቴሌግራም እያሳየ የሚሸጥ እንደኛው ያለ ነጋዴ ነው። አብዛኛው ገንዘቡን ያወጣው ከዕቁብ ነው። የሰርጉ ልጅ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት የዓመቱን ግማሽ እንጀራ ይለቅማል፤ ቀብድ ተቀብሎ፣ ቀን ቆርጦ ነው ማሽን የሚገዛው። ማሽኑ መሃል መንገድ ላይ ቢያቆመው ሙሽራዋን ድጋሚ ልቀርጽሽ አይላትም። እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ ድንበር አለ። ናይሮቢ የተገዛ ዕቃ አዲስ አበባ ላይ ቢያስቸግር በሞያሌ መልሶ ለማሻገር የትራንስፖርቱ፣ የጉምሩኩ ጥያቄና የሚባክነው ቀን ሲደመር ከአንድ ላፕቶፕ ትርፍ ይበልጣል። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ «ጋራንቲ አለው» የሚባለው ወሬ ነው። እውነተኛው ጋራንቲ ከክፍያ በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት ናት።

ተለጣፊዋን እንመልከት። «አይ 7» የሚለው ብቻውን የሚነግረው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ወሬው ያለው ከኋላው በተጻፈው ቁጥርና ፊደል ላይ ነው። አይ 7 - 7600 ዩ የሚል ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ገበያው ውስጥ ሞልቷል። የመጀመሪያው 7 ጀነሬሽኑን ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ዩ» ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ፣ ኃይሉ የተቀነሰ መሆኑን ትናገራለች። ይህ ፕሮሰሰር ያለው 2 ኮር ብቻ ነው። አጠገቡ በርካሽ የተቀመጠው አይ 5 - 8250 ዩ ግን 4 ኮር አለው። ቪዲዮ ኤክስፖርት የሚያደርግ ሰው ኮሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ስለሚያሠራ ሁለተኛውን ቢገዛ ገንዘብም ጊዜም ይተርፈው ነበር። «አይ 7 ይበልጣል» ብሎ ውዱን የሸጠለት ሰው ግን ቢያንስ ቁጥሩን አላነበበም፤ አንብቦም ከሆነ ሌላ ስም አለው። «ኤች» ወይም «ኤች ኪው» የሚል ፊደል ያለባቸው ለከባድ ሥራ የተሠሩ ናቸው፤ ወፍራምና ከባድ ስለሆኑ፣ ባትሪም ስለሚበሉ ብዙ ገዢ ሲያያቸው ፊቱን ያዞራል። ለኤዲተር የሚሆኑት ግን ብዙ ጊዜ እነዚያው አስቀያሚዎቹ ናቸው።

ጀነሬሽኑ ሌላም ጉዳይ አለው። ዘመናዊ ስልክና ካሜራ ቪዲዮውን የሚያሽገው ኤች 265 በሚባል አሠራር ነው፤ ፋይሉን ያሳንሳል፣ ለመፍታት ግን ለማሽኑ ከባድ ነው። በኢንቴል በኩል ይህን ለመፍታት የሚያስችል የራሱ ክፍል ፕሮሰሰሩ ውስጥ የገባው ከ6ኛው ጀነሬሽን ጀምሮ ነው፤ 10 ቢት የሚባለውን፣ አዳዲስ አይፎኖች የሚቀርጹትን ዓይነት የሚፈታው ደግሞ ከ7ኛው ጀምሮ ነው። የ4ኛ ጀነሬሽን አይ 7 ላይ ጎበዝ ግራፊክስ ካርድ ከሌለ የአይፎን 12 ቀረጻ ጭነህ «ፕሌይ» ስትል ምስሉ እየዘለለ፣ ድምፁ ብቻውን እየሮጠ ታየዋለህ። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ለዚህ ሥራ አልተወለደም እንጂ።

አሁን ደግሞ የባሰ ጎርፍ አለ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ በጥቅምት 2025 በፈረንጆች አቆጣጠር አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉትን ነው። የትልልቅ ቢሮዎች አሮጌ ላፕቶፕ በጅምላ ሲወገድ መጨረሻው የኛ ገበያ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን «አይ ሰቨን፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ እንደ አዲስ» ተብሎ በካርቶን ሲቀርብ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። ርካሽ መግዛት ነግዶ ለማትረፍ ነው፤ እሱን ማንም አይቃወምም። ለማን እንደሚሸጥ ግን እንነጋገር። ለትምህርት ቤት ልጅ ይበቃዋል፤ ለሰርግ ኤዲተር ተብሎ አይሸጥ።

«ገዢው ራሱ ነው አይ ሰቨን ካልሆነ አልገዛም የሚለው» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ ይላል። መድኃኒት ቤት ገብቶ በራሱ «ቀዩን ክኒን ስጠኝ» የሚልም አለ፤ ጥሩ ፋርማሲስት ግን መጀመሪያ ምን እንዳመመው ይጠይቀዋል። ገዢው ተለጣፊዋን የተማረው ከእኛው ገበያ ነው፤ ሻጩ ያስተማረውን ሻጩ ያርመው። ሦስት ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ በምን ትቀርጻለህ? ስንት ካሜራ ነው? በምን ፕሮግራም ትሠራለህ? መልሱን ሰምቶ ነው ወደ መደርደሪያው መዞር።

ከፕሮሰሰሩ በላይ ሰውን የሚያስለቅሰው ዲስኩ ነው። ሂሳቡን በወረቀት እንሥራው። ብዙ የሰርግ ካሜራዎች 4ኬ ሲቀርጹ በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ይጽፋሉ። በ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋ ባይት ነው፤ በደቂቃ 750 ሜጋ ባይት፣ በሰዓት 45 ጊጋ ባይት። ሁለት ካሜራ እያንዳንዳቸው 6 ሰዓት ከቀረጹ 540 ጊጋ ባይት ይሆናል። ይህን ቀረጻ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ ለገዛ ሰው የት አስቀምጥ ልንለው ነው? «አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ» ይላሉ። ከሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት ገደማ ስለሚነበብ ለሁለት ካሜራ የሚያስፈልገው 25 ሜጋ ባይት ይወጣል ብሎ የሚያስብ አለ፤ በቁጥሩ ብቻ ካየነው ልክ ነው። ግን ሃርድ ዲስክ ውስጥ የምትሽከረከር ሳህንና ወዲያ ወዲህ የምትሄድ መርፌ አለች። ሁለት ቪዲዮ፣ አንድ ሙዚቃ፣ ፕሮግራሙ ራሱ የሚጽፈው ጊዜያዊ ፋይል በአንድ ጊዜ ሲጠሯት ዝላይ ላይ ትውላለች። ማሽኑ «ስታክ» የሚያደርገው ያኔ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ዊንዶውሱና ፕሮግራሙ በአንድ ኤስኤስዲ፣ እየተሠራበት ያለው ቀረጻ በሌላ ኤስኤስዲ፣ ያለቀው ሥራ ለማስቀመጫ ሃርድ ዲስክ ላይ። ብዙ የቢሮ ላፕቶፕ ሆዱ ሲከፈት ለሁለተኛ ዲስክ ቦታ አለው፤ ሻጩ ከፍቶ አይቶ ይንገረው። በውጭ የሚሰካ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው የትኛው እንደሆነ ይታይ። በዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ያን 540 ጊጋ መገልበጥ ከ4 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በዩኤስቢ 3 ከኤስኤስዲ ወደ ኤስኤስዲ ከሆነ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቀዳዳዋ ውስጥ ያለችው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ናት። ገመዱም ራሱ ለዩኤስቢ 3 የተሠራ ካልሆነ ሰማያዊው ቀዳዳ አያድንም፤ ርካሹ ገመድ ያማረውን ዲስክ አንቆ ይይዘዋል።

ስለ ራም ብዙ አንልም። 8 ጊጋ ለ4ኬ አይበቃም፣ 16 ይሁን። ከመሸጥ በፊት ግን ራሙ የሚጨመርበት ቦታ አለው ወይስ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው የሚለው ይታይ፤ ቀጫጭኖቹ ላይ የተበየደ ይበዛል። «በኋላ ታስጨምረዋለህ» ተብሎ የማይጨመር ሲሸጥ አይተናል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ከሆነ ደግሞ አንድ ባለ 16 ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ቢሆን ይሻለዋል፤ ግራፊክሱ ከራሙ ስለሚበደር በሁለት በር ቢገባለት ይፈጥናል።

ቻርጀሩ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን፤ ምክንያቱም በዚህ መስመር ላይ ትልቁ ሌባ እሱ ነው። ከውጭ በጅምላ የሚመጣ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ቻርጀሩ ተለይቶ፣ ወይ ጨርሶ ሳይኖረው ነው የሚመጣው። ሻጩ አፉ የገጠመለትን ያነሳና ይሰጣል። መብራቱ በራ፣ ባትሪው ሞላ፣ ተሸጠ። ነገር ግን 130 ዋት የሚፈልግ ማሽን በ65 ዋት ቻርጀር ሲሠራ ከባድ ሥራ ሲመጣበት ራሱን ያቀዘቅዛል። ዴል ደግሞ ቻርጀሩን በመሃል ባለች ቀጭን ፒን አማካይነት ይጠይቀዋል፤ ካላወቀው ሲከፈት ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ባትሪ ላይሞላ ይችላል፣ ፕሮሰሰሩንም ይይዘዋል። ማስጠንቀቂያውን ሰው ኢንተር ተጭኖ ያልፈዋል። ከዚያ ወር ሙሉ «ይሄ ማሽን ዝግ ነው» እያለ ያማርራል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብቶ ኤክስፖርት እየተደረገ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ማየት ነው። ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ወርዶ እዚያው ከተቀመጠ ፎርማት የሚፈውሰው በሽታ አይደለም፤ ልክ የሆነውን ቻርጀር መስካት ብቻ ይፈውሰዋል። የቻርጀሩ ዋት ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፒሩ ማባዛት ነው፤ 19.5 ቮልት በ6.7 አምፒር 130 ዋት ይሆናል። ይህን ለማስላት የኮሜርስ ዲፕሎማ እንኳ አያስፈልግም።

ሙቀቱም ዘመዱ ነው። ጅቡቲና ጁባ ላይ፣ ቆላው ላይ ያለ ማሽን፣ ውስጡ የአምስት ዓመት አቧራ ይዞ፣ አልጋ ላይ ተቀምጦ ኤክስፖርት ቢያደርግ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ይሮጣል፣ ከዚያ ይንፏቀቃል። ምልክቱ ይኸው ነው፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ዝግ ከሆነ ቻርጀርን ወይም ዲስክን ጠርጥር፣ እየሠራ ቆይቶ ከደከመ ሙቀትን። ፋኑን አስጠርጎ በፕሮሰሰሩ ላይ የምትቀባዋን ፔስት ማስቀየር ትንሽ ወጪ ነው፤ ሻጩ ከመሸጡ በፊት ቢያደርገው ደግሞ ዋጋ ላይ መጨመር ይችላል። ከሥሩም መጽሐፍ ሁለት አድርጎ ከፍ ማድረግ ነጻ ነው።

እዚህ ላይ የጥገና ባለሙያዎችንም እንተችና እንለፍ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ የኛ ጠጋኝ ግን ከላይ ይጀምራል። ማሽን ሲቀርብለት ሳይጠይቅ ፎርማት ያደርጋል። ፎርማት አንዳንዴ የሚረዳው ቫይረስ ወይም የተዝረከረከ ዊንዶውስ ሲኖር ነው። ለደከመ ዲስክ፣ ለተሳሳተ ቻርጀር፣ ለአቧራ፣ ለፋይሉ ለራሱ ችግር ምንም አያደርግም። በዚያ ላይ የደንበኛውን ያላለቀ ሥራ ይዞበት ይሄዳል። ዲስክ ተጠርጥሮ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤናው እንዴት እንደሆነ በሁለት ደቂቃ ይናገራል። እንደ ፈቃድ ደብተር ነው፤ ማየቱ ነጻ፣ አለማየቱ ውድ።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ችግሩ ማሽኑ ላይ ጨርሶ የለም። አንድ የተለመደ ነገር እናንሳ። የንግግር ወይም የቅዳሴ ቪዲዮ በስልክ ይቀረጻል፣ ድምፁ በሌላ መቅጃ ይያዛል። ሲገጣጠም መጀመሪያው ልክ ነው፤ 40ኛው ደቂቃ ላይ ከንፈሩ ቀድሞ ድምፁ ይከተላል። ራም ይቀየራል፣ ፎርማት ይደረጋል፣ «ማሽኑ አይችልም» ተብሎ ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም ላይ ያው ነው። ምክንያቱም ስልክ በሰከንድ 30 ምስል እያለ 29ም 31ም ይቀርጻል፤ እንደ ብርሃኑ ያበዛል ያሳንሳል። የኤዲቲንግ ፕሮግራም ደግሞ የተስተካከለ ቁጥር ይፈልጋል። መድኃኒቱ ሃንድብሬክ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ቪዲዮውን ቋሚ ፍጥነት ወዳለው ፋይል መለወጥና ከዚያ ማስገባት ነው። ሌላ ላፕቶፕ መግዛት አያስፈልግም ነበር። ይህን የምንጽፈው ላፕቶፕ ሻጮች ሆነን ነው፤ ሁለተኛውን ላፕቶፕ የሚገዛው ከእኛ ነው። ግን ሦስተኛ ጊዜ አይመጣም።

የአይፎኑ ነገርም እንዲሁ። ከአይፎን 12 ጀምሮ ያሉት ኤችዲአር የሚባል ቀረጻ ይዘው ነው የሚመጡት፤ በተለመደው አሠራር ሲቀናበር የሙሽራዋ ቬሎ ነጭ ግድግዳ ይመስላል፣ ጥለቱም ይጠፋል። «ስክሪኑ ተበላሽቷል» ብለው ያመጡልን አሉ። ስልኩ ላይ በካሜራ ማስተካከያ ውስጥ የኤችዲአር ቪዲዮውን ማጥፋት፣ ፎርማቱንም ይበልጥ ተስማሚ ወደሚለው መለወጥ፤ የሰርጉ ቀን ጠዋት ሳይሆን ከዚያ በፊት።

ደካማ ማሽን ያለውም ሰው ቢሆን ሥራውን መጣል የለበትም። ፕሮክሲ የሚባል ነገር አለ፦ ፕሮግራሙ የከባዱን ቀረጻ ቀለል ያለ ትንሽ ቅጂ ይሠራል፤ ስትቆርጥና ስትቀጥል በቅጂው ትሠራለህ፣ መጨረሻ ላይ ሲወጣ ከዋናው ይወጣል። ፕሪሚየርም፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭም፣ ኬደንላይቭም ይህን ያደርጋሉ። ማታ አስጀምሮ መተኛት ነው፤ ጠዋት የ8ኛ ጀነሬሽን አይ 5 እንደ ትልቅ ማሽን ይታዘዛል። ይህን አንዷን ነገር ለገዢው ማሳየት አሥር ደቂቃ ይፈጃል። የሚያሳይ ሻጭ ግን ስንት አለ?

ፕሮግራም ካነሳን፣ «ፕሪሚየር ጭኜልሃለሁ፣ በነጻ» የሚለውን ማባበያም እናንሳው። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ነጻ አይደለም። ፋይልን ሁሉ ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ቫይረሶች ከሚገቡባቸው በሮች አንዱ ይኸው ክራክ ነው፤ አንቲቫይረሱን አጥፍተህ ጫን የሚለው መመሪያ በሩን ራስህ ክፈትልኝ ማለቱ ነው። የሦስት ሰርግ ቀረጻ የተቆለፈበት ልጅ ሻጩን ምን ሊለው ይችላል? የሪዞልቭ ነጻ ዕትም እስከ 4ኬ ድረስ ያለ ምንም ማህተም ያወጣል፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ግን ይጠይቃል። ለቀላል ማሽን ኬደንላይቭና ሾትከት አሉ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው። በነጻ የሚሰጥ ከሆነ እነዚህን እንጫንለት።

በጎን ደግሞ ስለ ፊደል። በሁለት ቋንቋ ማስታወቂያ የምንሠራ ሰዎች በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ርዕስ ከሌላ ሰው ፋይል ስንቀበል የማይነበብ ዝብርቅርቅ የሚሆነው ፊደሉ ዩኒኮድ ስላልሆነ ነው። ዊንዶውስ ኢብሪማን ይዟል፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ደግሞ በነጻ ይገኛሉ። ይህም የማሽን ብልሽት ተብሎ ለጥገና ሲቀርብ አይተናል፤ ፎርማትም ተደርጎለታል።

ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ የምታመላልሱ፣ ለእናንተም አንድ ቃል። 512 ተብሎ የተጻፈበት ውስጡ 32 የሆነ ካርድ ገበያው ውስጥ አለ። ኮምፒውተሩም 512 ብሎ ያሳያል፤ ውሸቱ የሚገለጠው ሲሞላ ነው፣ ያኔም የመጀመሪያው ቀረጻ ተሰርዞበታል። ኤችቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም ካርዱን ጽፎ እያነበበ እውነተኛውን ልክ ያወጣል። ጊዜ ይፈጃል። ከካርቶኑ ውስጥ ሁለትና ሦስቱን አንስቶ መፈተሽ ግን ሌሊቱን ሆቴል ሆነን የምንችለው ነገር ነው። «ትልቅ ፋይል አይገለበጥልኝም» የሚል ደንበኛ ቢመጣ ደግሞ ፍላሹ ፋት 32 ሆኖ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አልቀበልም ብሎት ነው፤ ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጦ ወደ ኤክስፋት መለወጥ ነው።

«ይህን ሁሉ እየፈተሽን መቼ እንሸጣለን?» የሚል አይጠፋም። ፈተናው ግማሽ ሰዓት ነው ብለናል። ገዢው በራሱ ፍላሽ የራሱን ቀረጻ፣ አሥር ደቂቃ የምትሆን፣ ይዞ ይምጣ። ማሽኑ ከሚሸጥለት ቻርጀር ጋር ይሰካ። ቀረጻው ፕሮግራሙ ውስጥ ይግባ፣ ይቆረጥ፣ ቀለም ይነካ፣ ርዕስ ይጻፍበት፣ ኤክስፖርት ይደረግ። እየሠራ ታስክ ማናጀሩ ይከፈትና ፍጥነቱ፣ ዲስኩና ራሙ ይታዩ። ከዚያ ቻርጀሩ ይነቀልና ባትሪው ለምን ያህል እንደሚይዝ ይታይ፤ መብራት ሲሄድ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚሻለው በዚህ ነውና ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ግማሽ ላፕቶፕ ነው። ሻጩም ያን ግማሽ ሰዓት ሌላ ደንበኛ እያስተናገደ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ማሽኑ ብቻውን ይሠራል።

ከጅምላ ሻጭ ስንረከብም ማብራት ብቻ አይበቃም። ከድርጅት የወጣ ማሽን የባዮስ ቁልፍ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ማክቡክ ከሆነ ደግሞ ኢንተርኔት ሲያገኝ የቀድሞው ድርጅት ንብረት ነኝ የሚል ገጽ ያወጣል። ይህ የሚታየው ዋይፋይ ላይ ሲገናኝ እንጂ ሱቅ ውስጥ ሲበራ አይደለም። ስልካችንን ሆትስፖት አድርገን፣ ዊንዶውሱን ወይም ማኩን ከመጀመሪያው አስጀምረን ካላየን አንክፈል። «እሱማ ይከፈታል፣ የሚያውቅ ልጅ አለ» ካለን፣ ልጁ ከፍቶት እንዲያመጣ ነግረን እንሂድ።

ደረሰኝ ወይም የሽያጭ ወረቀት ስንጽፍም «ላፕቶፕ፣ 1» ብለን አንለፍ። አሁን በእጃችን ካለው አንዱ ላይ የጻፍነው ይህ ነው፦ ያገለገለ ላፕቶፕ፤ ፕሮሰሰር አይ 5 - 8250 ዩ፣ 4 ኮር፤ ራም 16 ጊጋ፣ ሁለት ባለ 8፤ ኤስኤስዲ 512 ጊጋ፣ ለሁለተኛ ዲስክ ቦታ አለው፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ቻርጀር 65 ዋት፣ የራሱ፤ ባትሪ በሥራ ላይ 1 ሰዓት ከ20፤ በደንበኛው ቀረጻ ተሞክሯል፣ ፉል ኤችዲ ያለ ችግር፣ 4ኬ በፕሮክሲ ብቻ።